ሮዝ ዳስ ሥር የተነበበ ውሃ

ኔሪሳ የመዋኛ ገንዳውን ውሃ የቀዳችበትን ብልቃጥ ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ቅላቱ አሁንም አልለቀቀም።

የመመርመሪያውን ፈሳሽ ጠብታ ደጋግማ ቆጥራለች፤ አምስት ነው፣ አልተሳሳተችም። ካርዱ ላይ በተደረደሩት ቀለሞች መሠረት ቢጫ ማለት አሲድ በዝቷል፣ ቀይ ማለት አሲድ አንሷል ማለት ነው። ደህና ውሃ መካከል ላይ ነው፣ የበሰለ ፓፓያ መልክ አለው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስትለካው ቀይ ሆነባትና አንድ ጆግ አሲድ ጨመረች። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ቅላቱ የቀነሰው ጥቂት ነበር፤ ሁለተኛ ጆግ ደገመች። አሁን ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ አራት ሰዓት ላይ ሃያ ልጆች ይገባሉ።

ባለፈው ወር ሊዋኙ የመጡ እንግዶች ልጆች ዓይናቸው ቀልቶ ወጥተው ነበር። የገንዳው ባለቤት ማም ኮንቺታ ያን ቀን ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ኔሪሳ፣ አንዴ ስህተት ነው» ነበር ያሉት። «ከደገመ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።» ቢጮሁባት ይሻላት ነበር። ዛሬ ደግሞ የገዛ የልጅ ልጃቸው የትሪሻ አሥራ ስምንተኛ ልደት ነው፤ የሚዋኙት የአክስትና የአጎት ልጆቿ ናቸው።

ሃያ ዓመት ገንዳውን ሲጠብቁ ኖረው ጉልበታቸው ሲደክም ሥራውን ያስረከቧት ማንግ ቴባን አንድ ሕግ ነበራቸው። «ፀሐይ ላይ እንዳታነቢ፣ ፀሐይ ቀለሙን ታጠፋብሻለች። ጥላ ፈልጊ፣ ከኋላው ነጭ ነገር አድርጊ።» ኔሪሳም እንደተባለችው አድርጋለች። ከጥላው ሥር ቆማ፣ ነጭ ወረቀት ከብልቃጧ ጀርባ ይዛ ነው ያነበበችው። ጥላው ትናንት ማታ አስጌጦቹ ከማንጎው ዛፍ እስከ ፓምፑ ቤት የወጠሩት ዳስ ነው። ትሪሻ ሮዝ ስለምትወድ ጨርቁ ሁሉ ሮዝ ነው።

ሦስተኛውን ጆግ ልታነሳ ጎንበስ ስትል አሊንግ ፑሪንግ፣ ወጥ ቤቷ፣ ፑቶ የሚባለውን የሩዝ ኬክ የሞላ ትሪ ተሸክማ መጣች።

«ምነው አንቺ፣ ብልቃጡ ላይ እንዲህ ያፈጠጥሽው? ሽማግሌ ሊልክብሽ ነው እንዴ?»

«አልወርድ አለኝ፣ አሊንግ ፑሪንግ።»

«እኔስ ቦርጬ መቼ ወረደልኝ! በይ አንድ ቅመሺ፣ ፊትሽ አመድ መስሏል።»

ኔሪሳ እንዳታስቀይማት አንዱን አነሳች። «ፑቶውንም ሮዝ አደረጋችሁት?»

«የምን ሮዝ?» አሊንግ ፑሪንግ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረገችው። «ወገቤ እስኪቆረጥ የለፋሁበትን ነጭ ፑቶ! ወይ ጉድ፣ ዓይንሽን ነው ቀለም የነከሩት? ውጪ አውጥተሽ እዪው እስቲ!»

ኔሪሳ ኬኩን ይዛ ከዳሱ ወጣች። በእጇ ላይ እንዳለ እንደ ጥጥ ነጣ። ወደ ውስጥ ተመለሰች፤ ሮዝ ሆነ። መዳፏም አብሮ ሮዝ ሆነ።

ኬኩን የት እንደጣለችው አታውቅም። ክንዷን እስከ ክርኗ ገንዳው ውስጥ ነክራ አዲስ ውሃ ቀዳችና ወደ ፓምፑ ቤት ጀርባ ሮጠች። እዚያ ጨርቅ አልደረሰም፤ ወደ ተራራው የዞረ ነጭ ግድግዳና የግድግዳው ጥላ ብቻ ነው ያለው። አምስቱን ጠብታ ጨመረች።

ውሃው እንደ ካላማንሲ ሎሚ ጭማቂ ቢጫ ሆነ። ከቢጫ በታች ካርዱ ሌላ ቀለም የለውም፤ ምን ያህል እንደወረደ የሚነግራት ነገር አልነበረም።

ጠዋት ደህና ነበር ማለት ነው። በገዛ እጇ ነው ያበላሸችው።

የአሲዱ ማርከሻ የሶዳ ዱቄት አለ፤ ግን ከውሃው ጋር እስኪዋሐድ ፓምፑ ሰዓታት መሥራት አለበት። ዝም ብላ ብትበትነውስ? ማንም አያውቅም፣ የልጆቹ ዓይን እስኪቆጠቁጥ ድረስ። ከግድግዳው ወዲያ የልጆቹ ጫጫታ ወደ ውሃው እየቀረበ ነው።

«ማም ኮንቺታ» አለች ከግድግዳው ብቅ ብላ። ማንም አልሰማትም። አንዲት ልጅ ጫፉ ላይ ተቀምጣ እግሯን አንጠልጥላለች።

«ማንም እንዳይገባ!»

ከእሷ እንዲህ ያለ ድምፅ ወጥቶ አያውቅም። እንግዳው ሁሉ ዞረ።

«ምን ሆነሻል፣ ኔሪሳ?» አሉ ማም ኮንቺታ።

«አሲድ አብዝቻለሁ፣ ማም። ዳሱ ውሃውን ቀይ አስመሰለብኝ።»

«ዳሱ ነው ጥፋተኛው!» ብሎ አንዱ አጎት ሳቀ። «በሉ እሱን ከሥራ አባሩታ!»

ማም ኮንቺታ አልሳቁም። ከግድግዳው ጀርባ ተከትለዋት ሄደው ብልቃጧን አዩ።

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስከ ስምንት፣ ማም። ምናልባት ዘጠኝ።»

«ምሳ ይቅደም» ብለው ወደ እንግዶቹ ተመለሱ።

ኔሪሳ ምሳ አልበላችም። ሶዳውን በባልዲ በጥብጣ ጥቂት በጥቂት አፈሰሰች፤ ትጠብቃለች፣ ትለካለች፣ እንደገና ትጠብቃለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በግድግዳው ጥላ ውስጥ ውሃው የፓፓያ መልክ ያዘ። ወይም እሷ እንደዚያ መሰላት፤ ዓይኗን ማመን ትታለች።

«ማም፣ እርስዎም ይዩልኝ።»

ማም ኮንቺታ መነጽራቸውን አድርገው ካርዱን አስተያዩና ጣታቸውን መካከል ላይ አሳረፉ። «ባለፈው ወርስ ዳስ ነበር?»

ነበር ማለት እንዴት አማራት። «አልነበረም፣ ማም። ያኔ ብቻዬን ተሳስቼ ነው።»

ማም ኮንቺታ መነጽራቸውን አወለቁ። «ነገ ጠዋት ስታነቢ ጥሪኝ» አሉ። «ለሁለት እናያለን።»

ልጆቹ እየተንጫጩ ዘለሉ። ኔሪሳ ከገንዳው ጠርዝ አልተነቃነቀችም። ጠዋት እግሯን ያንጠለጠለችው ልጅ መጀመሪያ ወጥታ ዳሱ ሥር ቆመች፤ ዓይኗ ሮዝ ነው። ኔሪሳ ጠራቻት።

«ነይ እስቲ፣ እዚህ ፀሐይዋ ጋ።»

«እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ቀና በይ።»

ልጅቷ ውሃ እየተንጠባጠበች ከዳሱ ወጥታ ቀና አለች። ዓይኗ ነጭ ነበር።