ኤክስ ስንት ነው?

መካነ ብርሃን ከተማ ለሰባተኛ ክፍል ሂሳብ ሳስተምር፣ በቃል የተነገረውን ወደ አልጀብራ መለወጥ ይከብዳቸዋል ብዬ ነበር። አልከበዳቸውም። «የማታውቁትን ቁጥር ኤክስ በሉት» ስላቸው እንዲያውም ደስ አላቸው። በአገሩ ከብትም ቤተሰብም በቁጥር አይጠራም፤ የተቆጠረ ይጎድላል ይባላል።

መንትዮቹ ዝናሽና ማሩ አንድ ዴስክ ላይ ነበር የሚቀመጡት። ዝናሽ ተነሥታ «በጎቻችን፣ አምስት ግልገል ሲጨመርባቸው» አለችና ሰሌዳው ላይ ኤክስ ሲደመር አምስት ጻፈች።

«ሸጋ ነው። ኤክስስ ስንት ነው?»



«ምነው ቲቸር፣ በጋችንን ሊያስጨርሱን ነው?» አለ ማሩ። ልጆቹ ሳቁ።

ቁጥሩን ላልተካ ማርክ እንደሌለ ነገርኳቸው፤ ሕጉ ለሁሉም እኩል ነበር። ዝናሽ አሥራ ሁለት ብላ ጻፈች።

በማግስቱ ማሩ በር ላይ ጠበቀኝ።

«ቲቸር፣ ዳለቻዋ በግ የለችም።»

«ቀበሮ ወስዷት ይሆናል።»

«ቤት ስጠይቅ ሁሉም ‹ዳለቻ በግ መቼ ነበረችን?› ይሉኛል። ዝናሽም ጭምር።»

«እያሾፉብህ ነው» አልኩት።

ዓርብ የቤት ሥራ አረምኩ። ዝናሽ «እናቴ ስትገላገል የቤታችን ሰው ብዛት» ብላ፣ ከሥሩ ኤክስ ሲደመር አንድ ጽፋለች። የኤክስ ቦታ ባዶ ነው። ደብተሩን መለስኩላት።

«ሙይው።»

ማሩ እጇን ያዘ። «ተይ ዝኑ፣ ማርኩ ይቅርብሽ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ለእሷ ባላላ ሌሎቹን መበደል ነው ብዬ ባዶውን ቦታ በጣቴ አሳየኋት። ስድስት ብላ ጻፈች። በቀይ እስክሪብቶ ራይት አደረግሁላት።

ሰኞ ጉሙ እስከ መስኮቱ ወርዶ ነበር። ዝናሽ ዴስኩ መሀል ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች።

«እናትሽ ተገላገለች?»

«አዎ፣ ወንድ! ስድስት ሆንን።»

«ሰባት ነው እንጂ።»

ግራ ገባት። ደብተሯን ገልጣ አሳየችኝ። በራሷ እጅ ጽሑፍ «ኤክስ አምስት ነው» ይላል፤ አጠገቡ የእኔ ቀይ ምልክት አለ።

«ማሩስ?» አልኳት።

እያፈረች ፈገግ አለች። «ማሩ ማነው ቲቸር?»

የስም መጥሪያውን ከላይ እስከ ታች አየሁ። የለም።

በዚህ መሀል ርእሰ መምህሩ ወረቀት ይዞ በሩን ከፈተ። «ዛሬ ስንት ተማሪ ገባ?»

ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ።

«ኤክስ» አልኩት። የሳቀ አልነበረም።