አንድ ትራንስፎርመር፣ ሁለት ጉልቤ

«ልቀቅ አንተ! መጀመሪያ ዓይኑ ያረፈው እኔ ላይ ነው!»

«ዓይን ቻርጅ አይደረግም ጋሽ አራጋው! መኪናው አፍንጫውን ያዞረው ወደ እኔ ነው!»

ጋሽ አራጋው በቀኝ፣ ሀፊዝ በግራ፣ ሁለቱም ገመዳቸውን ይዘው የኤሌክትሪክ መኪናዬን ይሻሟታል። ቻርጅ ማድረጊያቸው ኮምቦልቻ መንገድ ዳር፣ ፊት ለፊት ነው። ድሮ ጋሽ አራጋው ብቻውን እያለ ሰላምታ እንኳ በወረፋ ነበር። በኋላ የቀበሌ ስብሰባ ላይ «ውድድር ይበረታታ» ተባለና ሀፊዝ ከፈተ።

ያበረታታሁት ግን እኔ ነኝ። ጋሽ አራጋውን «ሀፊዝ መብራትህን ቀጭን ነው ይለዋል» አልኩት። ሻይ በነፃ ጀመረ። ሀፊዝን ደሞ «አራጋው ያንተን መብራት ውሃ የበዛበት ነው ይላል» አልኩት። ሻይ ከነሳምቡሳው አመጣ። ወላሂ፣ ወር ሙሉ ቤቴ ቁርስ አልበላሁም!

ዛሬ ግን ጨነቀኝ። ከኋላ ሦስት ሽማግሌ ጭኛለሁ፤ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ወጥተው ፋኢዛን ሊጠይቁልኝ። አባቷ «ከዙህር ሶላት በፊት ድረሱ፣ ከዙህር በኋላ የሌላ ልጅ ሽማግሌ ይመጣል» ብለዋል። ባትሪዬ ዘጠኝ ፐርሰንት ነው። በዘጠኝ ፐርሰንት የደሴን ዳገት ማን ይወጣዋል?

«ምን ሆነው ነው የሚጣሉት?» አሉ አባባ ሱሌማን፣ የሽማግሌዎቹ ትልቅ።

«ውድድር ነው አባባ። ውድድር ጥሩ ነው።»

አመሌ መች አርፎ ይቀመጣል! በመስኮት ብቅ ብዬ «የሰርጌ መኪና በሙሉ፣ መብራቱ የበረታው ጋ ነው የሚሞላው!» አልኩ።

ሀፊዝ ቀደመና ሰካልኝ። ጋሽ አራጋው በንዴት የቆመውን ሚኒባስ ሁሉ ጠርቶ ገመዱን በሙሉ ሰካ። ሀፊዝም ያለውን ሁሉ ለቀቀ። ለካ ሁለቱም የተንጠለጠሉት አንድ ትራንስፎርመር ላይ ነው።

ጧ!

ጭስ ወጣ። ጎን ያለው ወፍጮ ቤት ዝም አለ። ባትሪዬ አስራ አንድ ላይ ቀረ። ሁለቱ ጉልቤዎች ገመዳቸውን እንደያዙ ተፋጠጡ፤ «ያንተ ነው ያቃጠለው!» «ያንተ ነው!» ትንሽ ቆይቶ የዙህር አዛን ያለ ማይክ፣ በባዶ ጉሮሮ ተሰማ።

አባባ ሱሌማን ወርደው ከዘራቸውን አነሱና የደሴ ሚኒባስ አስቆሙ። ደስታዬ! ሮጬ በሩን ከፈትኩላቸው።

«አላህ ይስጥልኝ አባባ! ብቻዎንም ቢሆን ይጠይቁልኛል፣ አይደል?»

«የለም» አሉ ገብተው እየተቀመጡ፣ «እኔም ያላገባ ልጅ አለኝ።»