የማጣበቂያው ጣሳ

ወንድም ጋሼ ባለፈው ወር ሊጠይቅ መጥቶ፣ ገና ከበሩ አፍንጫውን በመሐረብ ያዘ። ቁጭ እንኳ አላለም። ቤቱ ሽንት ሽንት፣ ቆዳ ቆዳ ይላል፣ ማጣበቂያው ደግሞ ራስ ያዞራል አለ። በወሩ እሑድ እመለሳለሁ፣ ያን ጊዜም እንዲህ ከሸተተ አባባን መጦሪያ ቤት አስገባቸዋለሁ ብሎ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ያውም አባቱን ሳይስም። አፍንጫውን ብቻ ይዞ የሚመጣ ልጅ!

አባቷን የምትጦረው እህቱ ቃሉን አልናቀችም፤ እሱ አንዴ ካለ አለ ነው። ልብስ ንጽሕና ቤት በካውያ ስትተኩስ የምትውለው ይህንኑ እያሰላሰለች ሆነ። አባቷ ዓይናቸው ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ጆሯቸው ከባድ ነው፣ ሐሳባቸውም አንዳንዴ ውሉ ይጠፋበታል። ያም ሆኖ አርባ ዓመት ጫማ በሠሩባት ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ማን ይችላቸዋል! ጠዋት ከአልጋቸው ሥር የማጣበቂያውን ጣሳ ያወጣሉ፣ ክዳኑን ፈልቀቅ አድርገው ያሸታሉ፣ "በል እንግዲህ፣ ነጋ" ይላሉ። እሷም ሁልጊዜ ትስቃለች። ከሥራ ስትመለስ ደግሞ አፏን ሳትከፍት "መጣሽ?" ይሏታል። ኮቴዬን ለይተው ነው ትል ነበር፤ በዚያ ጆሯቸው!

መጦሪያ ቤት ቢገቡ ወር አይቆዩም። ይህን እንደ ስሟ ታውቀዋለች።

አብራት የምትተኩሰው ሴትዮ ሽቶ እንዳትገዛ መከረቻት፤ በሽታ ላይ ሽቶ ሲጨመርበት ሁለት ሽታ ነው የሚሆነው አለቻት። ስለዚህ ከሐሙስ ጀምሮ ዕረፍት ወስዳ ላይ ታች አለች። ፍራሹን ከጎረቤት ጋር ተጋግዛ ፀሐይ ላይ አወጣች፣ ሶዳ ነስንሳበት ቆይታ በብሩሽ ጠረገችው። ወለሉንና ግድግዳውን በኮምጣጤና በውሃ ፈተገች። ሽታ ይስባል ስለተባለች ከሰል በሳህን አድርጋ አልጋው ሥርና በሩ ኋላ አስቀመጠች። መስኮቶቹን ወለል አድርጋ ከፍታ የሎሚ ልጣጭ ከቅርንፉድ ጋር ቀቀለች። እጇን ሳይቀር በሎሚ አሸችው፤ የተላጠው ጣቷ እንደ እሳት ለበለባት። ይሁን፣ ምናባቱ!

ማጣበቂያው ግን አልለቅ አለ። ቅዳሜ ጠዋት አባቷን ግቢ ወንበር ላይ አስቀምጣ ጣሳውን፣ ቁርጥራጭ ቆዳውንና የሥራ ሽርጡን በከረጢት ጠቅልላ ለቆሻሻ መኪናው ሰጠች። ትራሳቸው ሥር የነበረውን የእናቷን ሹራብ፣ እናቷ ከሞቱ ውሃ ያልነካውን፣ በኮምጣጤ አጥባ አሰጣችው። እሑድ ይለፍ እንጂ ሌላ ማጣበቂያ እገዛላቸዋለሁ አለች ለራሷ።

ፀሐይዋ ስትበርድ ይዛቸው ልትገባ ስትል አባቷ ደጃፉ ላይ ቆሙ። ግድግዳውን ዳሰሱ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣

"ቤቶች!" አሉ።

ቀልድ መስሏት ሳቀች። ቀልድ አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት እጃቸውን አልጋው ሥር ሰደዱ፣ ከሰሉን ነክተው መለሱት። ነጋ አላሉም።

ወንድም ጋሼ በሰዓቱ ደረሰ። በሩ ላይ ቆሞ አሸተተ፣ ጓዳ ገብቶ አሸተተ፣ ጎንበስ ብሎ ፍራሹን አሸተተ። ቀና ሲል ፊቱ ፈታ ብሏል፤ አሁን ገና ቤት ሆነ አለ። እህቱ ወሩን ሙሉ የያዘችውን ትንፋሽ እፎይ ብላ አወጣች።

እሱም ወደ አባቱ ጠጋ አለ። ገና ቃል ሳይተነፍስ የሚቀባውን ሽቶ አሸተቱና "መጣህ?" አሉት።

ያን ጊዜ ለእሷ ገባት። ኮቴ አልነበረም። ለካ የካውያዋን ሽታ ነበር የሚያውቁት።

"አባባ፣ ተመችቶዎታል?" አለ ወንድም ጋሼ ጆሯቸው ላይ።

"ተመችቶኛል። ሰዎቹ ደጎች ናቸው። ግን አስቸገርኳቸው፣ በቃኝ፤ ወደ ቤቴ ውሰደኝ። ልጄ ይኼኔ እየፈለገችኝ ነው።"

"አባባ፣ ቤትዎ እኮ ነዎት!" ብላ ጮኸች።

እሳቸውም ድምፁ ወደመጣበት ዞረው እንደ እንግዳ ፈገግ አሉ። "አይ የኔ እመቤት። የሰው ቤት መሆኑን አላጣሁትም። የኔ ቤት ይሸታል።"

ሹራቡን ከገመድ ላይ ነጥቃ አመጣችላቸው። አፍንጫቸው ላይ አድርገው ቆዩ፣ ከዚያ አጣጥፈው በአክብሮት መለሱላት። እሷ ወንድሟ እግር ሥር ወደቀች። አንድ ሳምንት ስጠኝ፣ ማጣበቂያውን ገዝቼ እዚህ ወለል ላይ እደፋዋለሁ፣ ነገ ካውያዬ ጋ እመለሳለሁ፣ ያውቁኛል አለች። እሱ በዚህ ጊዜ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ቤቱንም አንቺንም ረስተዋል፣ እንግዲህ መጦሪያ ቤት ነው፣ እንሂድ ያሉትም ራሳቸው ናቸው አላትና ክንዳቸውን ያዘ።

አባቷ መኪናው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። እጇን ፈልገው ያዙ፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፣ ሎሚ ብቻ አገኙ።

"ስላደረግሽልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ" አሏት። "ልጄ ልትፈልገኝ ከመጣች፣ ቤት ሄደዋል በያት።"

"እሺ" አለች፤ "እነግራታለሁ።"