ከአሮጌ ሸራ የተሰፋው የጫት ቦርሳ

ሹክሪያ የሕግ ባለሙያዋ የወይዘሮ ዘውድነሽ ቢሮ ስትገባ ለቅሶ የምትደርስ ትመስል ነበር።

«እትዬ፣ አልቆልኛል» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ሕጉን አስነበብኩት። ለሕዝብ ከታየ ዓመት ያለፈው ንድፍ አዲስ አይባልም፣ አይመዘገብም። የኔ ደግሞ ዓመት ከሦስት ቀኑ።»

በእጇ የያዘችው የጫት ቦርሳ የጭነት መኪኖች ሚኤሶ ላይ ከሚጥሉት አሮጌ ሸራ የተሰፋ ነው። ጫት በፌስታል መቋጠሩ ይቅር ብላ ንድፉን ራሷ ነው ያወጣችው። ቶሎ የሚያልቀው መቀመጫው ስለሆነ በጠፍር እንደ አገልግል ታስሮ የሚፈታ አደረገችው፤ ሲያልቅ እሱ ብቻ ይቀየራል። አሁን አንድ ነጋዴ ያንኑ ቅርጽ በስስ ፕላስቲክ ሊያስመርት ነው። የማይፈታ፣ የማይጠገን፣ ሁለት ቀን ይዘው የሚጥሉት!

«መጀመሪያ የት ታየ?»

«የመጀመሪያ ሥራ ያለ ሽማግሌ ዱዓ ይሸጣል እንዴ? ዓምና በዒድ አልፈጥር ስድስቱን ለሽማግሌዎች ሰጠሁ። ጭሮ በሙሉ አየው። የዘንድሮው ዒድ ካለፈ ይኸው ሦስት ቀን።»

ወይዘሮ ዘውድነሽ ቀና አሉ። «ቆይ፣ ዓመቱን ከዒድ እስከ ዒድ ነው የቆጠርሽው?»

«በምን ልቁጠረው ታዲያ?»

ሴትዮዋ ተነሥተው ከግድግዳው ያላወረዱትን የዓምናውን ካላንደር ገለጡ። ጣታቸው መጋቢት ላይ ቆመ።

«የዓምናው ዒድ መጋቢት ሃያ አንድ ነበር። ዛሬ አሥራ አራት ነው። የጨረቃው ዓመት እኮ ዐሥር፣ ዐሥራ አንድ ቀን ያጥራል፤ ሕጉ የሚቆጥረው በጨረቃ አይደለም። ልጄ፣ ገና ሰባት ቀን አለሽ!»

«ወላሂ በሉ!»

«እኔ? በእመብርሃን ልማልልሽ።»

ሹክሪያ ከትከት ብላ ሳቀች። ድንገት ግን ሳቋን ዋጠችው። «ካስመዘገብኩት መቻራ ላይ የቦርሳዎቼን መቀመጫ የምትቀይረው ፋጤ መጠገን ትከለከላለች? እንዲያማ ከሆነ ይቅርብኝ።»

«ባለመብቷ አንቺ ነሽ። አስመስሎ የሚያመርተውን ትከለክያለሽ፤ የሚጠግነውን መፍቀድሽን ደግሞ ዛሬውኑ እንጽፋለን። በይ አሁን ቦርሳውን ፍቺው፣ በየጎኑ ፎቶ ላንሳው!»

በማግስቱ ንጋት ላይ ሹክሪያ በመጀመሪያው መኪና ጭሮን ለቀቀች። አዲስ አበባ፣ ንድፍ የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት፣ አንድ ወረቀት ጎደለሽ ተባለች፤ ሁለት ቀን ተንከራትታ አመጣችው። በአራተኛው ቀን ሠራተኛው ማመልከቻዋ ላይ ማህተሙን አሳረፈ። ጎንበስ ብላ ቀኑን አየችና እዚያው ሰልፉ ፊት ጮኸች፦

«መጋቢት አሥራ ስምንት! ሦስት ቀን ተርፎኛል!»