ከአስራ ሰባት ቀጥሎ

ጋሽ ከበበው እንደሚሉት፣ ሐሙስ ጠዋት የእህቴ ልጅ ሌንሳ ቧንቧው ፊት የተደረደሩትን ሃያ ጀሪካኖች በእርግጫ በታትና፣ ከሁሉ ቀድመው ወርደው አንደኛ ያስቀመጡትን የእሳቸውን ጀሪካን ወደ ጭራው ወርውራዋለች። እህቴ ትሩፋት እንደምትለው ደግሞ ሌንሳ ያን ቀን ጠዋት ከአልጋዋ ንቅንቅ አላለችም፤ ጋሽ ከበበው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራ ፈትተው ከፕላስቲክ ጋር መጣላት ጀምረዋል።

ሁለቱም ልክ አልነበሩም። ግን አልፈርድባቸውም።

የእኛ የጀሞ ኮንዶሚኒየም ብሎክ ውሃ የሚያገኘው በሳምንት አንዴ፣ ሐሙስ ነው፤ እሱም ምድር ቤት ካለው ቧንቧ አልፎ ፎቅ መውጣት አይችልም። ስለዚህ ወረፋ የሚይዘው ሰው ሳይሆን ጀሪካን ነው። እንዳይቀያየር በእያንዳንዱ ላይ የቤት ቁጥር በቀይ ቀለም ተጽፎበታል። ጭራ ላይ የቀረ ጀሪካን የሚሞላው በአየር ነው። ጋሽ ከበበው ቢቆጡ እውነት አላቸው።

ትሩፋት የዋሸችው ደግሞ ባሏን ሮበሌን ፈርታ ነው። ሌንሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ኦቲዝም አለባት፤ የምትናገረው ቃል በጣት ይቆጠራል። ሁለት ትምህርት ቤት ተቀብሎ መልሷታል። ከዚያ ወዲህ ድፍን ዓመት ቤት ውስጥ ነው የምትማረው። አስተማሪዋ እኔ ነኝ። በሥነ ልቦና ተመርቄ ሥራ ስላላገኘሁ ቤተሰቡ ሊቅ አድርጎ ሾመኝ። ሮበሌ ሚኒባስ ሲነዳ ውሎ ማታ ልጁ ስትጮህ ይሰማል፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ደክሞታል። እስከ ቅዳሜ ለውጥ ካላየ ከከተማ ውጭ ወዳለ፣ እንደ እሷ ላሉ ልጆች ወደተከፈተ አዳሪ ቤት ሊወስዳት ቆርጧል። ቦታም ይዞላታል። ለውጥ ስትል ምን ማለትህ ነው ብዬ ጠይቄው ነበር።

“አንድ ነገር” አለኝ። “አንድ ነገር ብቻ ትማር።”

ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር የተጻፈባቸው ባለ ቀለም ካርዶች አሳትሜላት ነበር። ሌንሳ አንድ በአንድ በበረንዳ ለቀቀቻቸው። ሰባት ቁጥርን የጎረቤት ፍየል በላችው፤ ከትምህርቴ እስካሁን ተጠቃሚዋ እሷ ብቻ ነበረች። ደግሞ ደረጃው አለ። ሌንሳ ወደ ቤታችን፣ ወደ አስራ አምስት ቁጥር፣ ስትወጣ ከአንድ ጀምራ በየበሩ የተጻፈውን ቁጥር በመዳፏ ሳትነካ አታልፍም። እኔም ድግግሞሽን ስለመቀነስ አንድ ወረቀት ላይ አንብቤ፣ በየፎቁ እየጎተትኩ አሳልፋት ነበር።

ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት። ሮበሌ ሽሮ እየበላ፣ ሌንሳ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጣ፣ በሩ ተበረገደ። ጋሽ ከበበው ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው ገቡ።

“ሮበሌ! ልጅህን ያዝ!”

“ምነው ጋሽ ከበበው? ይቀመጡ፣ እንብላ።”

“እህል አይወርድልኝም! አንደኛ ነበርኩ እኮ! ወስዳ ከአስራ ሰባት ቀጥሎ ጣለችኝ!”

“ከቤት አልወጣችም!” አለች ትሩፋት። “ማርያምን!”

ሮበሌ ጉርሻውን አየር ላይ ይዞ ቀረ። “ከአስራ ሰባት ቀጥሎ? እርስዎ አስራ ስምንት ቁጥር አይደሉም?”

“ነኝ!”

“ከእርስዎ ቀጥሎስ ማን ነበር?”

“አስራ ዘጠኝ! ከዚያ ሃያ! ሌላ ማን ይሆናል?”

“አንደኛስ?”

“አንድ ቁጥር! አያንቱ! ረፋድ ላይ እያዛጋች ወጥታ አንደኛ ቀዳች!” ጋሽ ከበበው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። “ከዚያ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ዘጠኝ...”

“ዘጠኝ?”

“ዘጠኝ! ይኸው አድልዎ! ውሃው አስራ ሦስት ላይ ሲቆም እነሱ ጠግበዋል!”

“የእኛም እኮ ባዶ ነው” አልኩ። “አስራ አምስተኛ ነበርን።”

ትሩፋት ብድግ አለች። “እሷ ነች!”

“ማን?” አሉ ጋሽ ከበበው።

“ልጄ ነቻ! በፒጃማዋ ስትወጣ በዓይኔ አይቻለሁ! ሌላ ማን እንዲህ ይደረድራል?”

“አንቺ ሴትዮ፣ አሁን ማርያምን ብለሽ...”

“ማርያም እናት ነች፣ ይገባታል።”

ጋሽ ከበበው ጠረጴዛው ሥር አጎንብሰው ሌንሳን አዩዋት። ትንሽ አሰቡ። “ይቺ? ቁጥር? አይ እንግዲህ፣ እሷ ላትሆን ትችላለች። ነፋስ ይሆናል።”

“ነፋስ ከአስራ ሰባት ቀጥሎ አስራ ስምንትን ያስቀምጣል?” አለ ሮበሌ። ወደ እኔ ዞረ። “ፕሮፌሰር፣ አንተ ነህ ያስተማርካት?”

አዎ ብል ማንም አይከራከረኝም ነበር።

“እኔ አይደለሁም። በሮቹ ናቸው። እኔማ እንዳትነካቸው ስጎትታት ነው የከረምኩት።”

“ዘጠኝስ?”

“ስድስትና ዘጠኝ ይምታቱባታል። ገና ሥራ አለን።”

ይህን ስናወራ ሌንሳ ከጠረጴዛው ሥር ወጣች። ማንንም ሳታይ ጀሪካኑን ከጋሽ ከበበው እጅ ነጥቃ ወደ ደረጃው ሄደች። ሁላችንም ግር ብለን ተከተልናት። አስራ ስድስትን በመዳፏ ነካች። ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣች፤ አስራ ሰባትን ነካች። አስራ ስምንት በር ላይ ስትደርስ ጀሪካኑን አስቀመጠች፣ በሩን ነካች፣ ከዚያ ጀሪካኑ ላይ የተጻፈውን ነካች። ጋሽ ከበበው በራሳቸው በር ፊት እንደ እንግዳ ቆሙ።

“ለሚቀጥለው ሐሙስ” አሉ ቀስ ብለው፣ “ከላይ ወደ ታች እንድትቆጥር ማስተማር አይቻልም?”

ሮበሌ ሽሮ ባልነካው እጁ ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

“ሄሎ፣ ሮበሌ ነኝ፣ የሌንሳ አባት። ቅዳሜ አናመጣትም። ቦታውን ለሌላ ልጅ ስጡት፤ የእኔዋ እዚሁ ትማራለች፣ ደረጃው ላይ።”