የታጠበው አሸዋ

ሐቢባ እጅጌዋን ሰብስባ እጇን እስከ ክርኗ የመንደሩ ውሃ ማጣሪያ ገንዳ ውስጥ ከተተች። አሸዋውን ዘግና አወጣችና መዳፏ ላይ በተነችው። ከዚያ ቀና ብላ የሥራ ጓደኛዋን ይማርሽን አየቻት።

"አንቺዬ፣ ይሄ አሸዋ ምነው እንዲህ ነጣ?"

"አጠብኩታ!" አለች ይማርሽ፣ ኮራ ብላ። "ነገ ሚካኤል አይደል? እንግዳው ከሙጃ ሳይቀር ይመጣል። ሁሉንም አውጥቼ ደጋግሜ አለቅልቄ መለስኩት።"

"ሁሉንም? ከላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ እኮ ነው የሚጠረገው!"

"አተላ መስሎ እያየሁት እንዴት ልተወው?"

"ወላሂ ጉድ ሠራሽን! ውሃውን የሚያጣራው እሱ አተላው አይደል እንዴ? ተውሳኩን የሚበላው አሸዋው ላይ የሚያድገው አተላ ነው ሲሉን፣ ስንሰለጥን አብረን ሰምተን የለ?"

ይማርሽ ሰምታለች። ያን ቀን ግን በሆዷ ስቃ ነበር፤ ቆሻሻ ውሃ ያጠራል ሲባል ማን ያምናል? እሷ እንደሆነች በዓል በመጣ ቁጥር የበሩን መቃን ሳይቀር የምታጥብ ሴት ናት። ሐቢባ ለለቅሶ ወገል ጤና ከተማ ስትሄድ ይማርሽ ማጣሪያውን ብቻዋን ያዘችና ደስ ያላትን ሠራች። አሁን የሐቢባን ፊት ስታይ ግን የሠራችው ገባት። ይህ ማጣሪያ ሳይሠራ፣ ወንዙን ሲጠጡ፣ መንደሩ በተቅማጥ ስንት ሕፃን ቀብሯል። አንዱ የእሷ ነበር። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የመንደሩ እኩሌታ ቀድቷል። ለአራሷ ለአመተ ጊዮርጊስማ ራሷ ይማርሽ ናት ጀሪካን ሞልታ ያደረሰችላት።

"ሐቢባ፣ ፈራሁ። ሕዝቡን ፈጀሁት።"

"ዝም በይ! ቧንቧው ተሰበረ ብለን እንዝጋውና አሸዋው አተላውን መልሶ እስኪይዝ እንጠብቅ። ማንም አያውቅም።"

"ጠዋት የተቀዳውስ?"

ሐቢባ መዳፏ ላይ የቀረውን አሸዋ አራገፈች።

በዚህ መሀል የደብሩ አለቃ አባ ጥሩሰው መቋሚያቸውን ተደግፈው ደረሱ። ከቦኖው ጣሳ ሙሉ ቀዱና ወደ ፀሐይ አነሱት።

"አበጀሽ ልጄ! እንዲህ ጥርት ያለ ውሃ አይተን አናውቅም። ነገ በሕዝቡ ፊት ነው የምመርቅሽ" አሉ ወደ ይማርሽ ዞረው።

"አባ፣ ቧንቧው ትንሽ ተበላሽቶ..." ብላ ሐቢባ ጀመረች።

አባ ጣሳውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ይማርሽ እጇን ጣሳው አፍ ላይ ጫነች። የካህን እጅ ለመሳለም እንጂ ለመከልከል ነክታ አታውቅም።

"አይጠጡት አባ። ቧንቧው ደህና ነው። አሸዋውን አጥቤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሳይፈላ ማንም እንዳይቀምሰው።"

አባ ጥሩሰው ጣሳውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት።

"ነገ እንግዳው ምን ይላል ልጄ?"

"ይስደበኝ፣ አባ።"

ቦኖውን ዘግታ ቁልፉን ለሐቢባ ሰጠቻት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ቁልቁል ወደ አራሷ ቤት ሮጠች። ገና ከሩቁ፣ መንደሩ ሁሉ እንዲሰማ፣ "ውሃውን ድፉት! ይማርሽ ናት ያበላሸችው፣ ድፉት!" እያለች መጮህ ጀመረች።