ለሁለት መኪና ብቻ

እናቴና እኔ ባሕሩ ዳር አዲስ በተሠራ መንደር ቤት እንግዛ አንግዛ ስንል ሦስት ወር ሞላን። ከምንኖርበት ከቫን ናይስ እየነዳሁ አራት ጊዜ ወስጃታለሁ፤ አራቱንም ጊዜ ወዳው ነው የተመለሰችው። ዛሬ ካልፈረምን ቤቱ ለሌላ ሰው ያልፋል። እሷ ግን የሐበሻ ሰፈር ፌርፋክስ ያለው ምግብ ቤት ቁጭ ብላ የመንደሩን ደንብ ተርጉምልኝ አለች። አንድ ቤት ከሁለት የእንግዳ መኪና በላይ ማስቆም አይችልም የሚለው ላይ ስደርስ እጇን አነሳች።

«የሚካኤል ማኅበር ቀን አሥራ ሁለት ሰው የት ፓርክ ሊያደርግ ነው?»

«እማዬ፣ ተራው የሚደርስሽ እኮ በዓመት አንዴ ነው።»

«እና በዓመት አንዴ ልዋረድ?»

«ኦኬ፣ ቫን ተከራይቼ ሁሉንም ከዚህ እወስዳቸዋለሁ።»

«ዓለምሰገድንና ሸዋረጋን በአንድ መኪና? ከተኳረፉ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል!»

«ማኅበሩ ላይ አብረው ይበሉ የለ እንዴ?»

«እሱማ አንዱ እዚያ ጥግ፣ አንዷ እዚህ ጥግ ሆነው ነው።»

አሁንም ታገሥኩ። ለሽያጭ ሠራተኛዋ ደውዬ ለአንድ ቀን እንኳ ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቅኩ። ሦስተኛው መኪና ተጎትቶ ይወሰዳል አለችኝ። ደንብ ነው፣ አልፈርድባትም። በእናቴም አልፈርድባትም። ስለዚህ ቤቱን ትተነዋል ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

እናቴ ስልኳ ላይ ያለውን የቤቱን በረንዳ ፎቶ ከፍታ ብዙ አየችው።

«ምን አስቸኮለህ?» አለችኝ። «እሑድ ሄደን እስቲ አንድ ጊዜ እንየው እንጂ!»